ከቀበሌ መዝገብ እስከ ፋይዳ፦ መንግሥት ነዋሪውን ያወቀበት መንገድ

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በሳሊተ ምሕረትና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ከሚኖሩ ሰዎች በአንዳንዶቹ መታወቂያ ላይ «የቤት ቁጥር» ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን «አዲስ» የሚል ቃል ነው። ቤቱ ሲሠራ ቁጥር የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አልደረሰበትም። ከዚያ በኋላ ግቢው ታጥሮ፣ ልጅ ተወልዶበት፣ ሠርግ ተደግሶበት፣ ሐዘን ተቀምጠውበት፣ በመዝገቡ ግን ዛሬም «አዲስ» ነው። ሲኤምሲን፣ ሰሚትን፣ አያትን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ከተማዋ ወደ ምሥራቅ የሰፋችው መዝገቧን ቀድማ ነው።

አሁን በስልክ ግብር ስለመክፈል፣ በጣት አሻራ ማንነትን ስለማረጋገጥ በምንነጋገርበት ጊዜ ይህችን ቃል ችላ ማለት አይገባም። የዲጂታል መንግሥት ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተር ይጀመራል። የእኛ ግን መጀመር ያለበት ከመዝገብ ነው። መንግሥት ነዋሪውን በምን ያውቀዋል? ስሙን፣ ልደቱን፣ ጋብቻውን፣ ቤቱን የጻፈው ማን ነው? የጻፈውንስ ለሌላው መሥሪያ ቤት የሚያደርሰው ማን ነው?

ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነበር፤ ባለጉዳዩ ራሱ። ከቀበሌ ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ ወደ ባንክ የሚሄደው እሱ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን መካከል ቀድሞ የተዘረጋው ኔትወርክ ፕላስቲክ ማኅደር በብብቱ የያዘው ሰው ነው።

ሕጉ ግን ቀድሞ ታስቦበት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፉ በዝርዝር ደንግጓል። መዝገቡ በስንት ቅጂ እንደሚዘጋጅ፣ ስሕተት ቢገኝ በማን ትእዛዝ እንደሚታረም ሳይቀር ተጽፏል። ነገር ግን በዚያው ሕግ መጨረሻ ላይ ያለው አንቀጽ 3361 እነዚህ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ በሥራ ላይ እንዳይውሉ አገዳቸው። አዋጁ ሳይወጣ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ሳይወጣ ደርግ መጥቶ ሄደ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ልደቱን ያስመሰከረው በክርስትና ካርድ፣ በትምህርት ቤት ማስረጃ ወይም በሽማግሌ ምስክር ነው። የወሳኝ ኩነትና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሕጉ ተጽፎ እስኪሠራበት 56 ዓመት ሄደ።

ያን ባዶ ቦታ የሞላው ቀበሌ ነው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በማኅበር አደራጀ። ያወረሳቸውም ቤቶችን ነበር፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ቤት የሚያስተዳድር ሰው በቤቱ ማን እንዳለ ማወቅ አለበትና ቀበሌው ቆጠራ ጀመረ። በየበሩ የከፍተኛው፣ የቀበሌውና የቤቱ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ ተመታ። የቤተሰብ ቅጽ ተሞላ። በስኳርና በጤፍ ራሽን ጊዜ የኅብረት ሱቁ ወረፋ የሚያዘው በዚያ ቅጽ ላይ ባለው የቤተሰብ ብዛት ነበር። ስም ያልተጻፈለት ሰው ራሽን የለውም። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛ በተከፈለችበት ዘመን ያደጉ ሰዎች እስከ ዛሬ ሰፈራቸውን የሚጠሩት በቁጥር ነው፤ «ከፍተኛ ይሄን ያህል፣ ቀበሌ ይሄን ያህል» ሲሉ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይተዋወቃሉ።

የቀበሌው መዝገብ ያበላውን ያህል አስሯል፣ አስገድሏልም። በ1969 ዓ.ም. አሰሳ ሲደረግ አብዮት ጥበቃው በየትኛው ቤት ስንት ወጣት እንዳለ ለማወቅ የሚሄድበት ሩቅ አገር አልነበረም፤ ቅጹ ቀበሌው ውስጥ ነበር። ይህን የማነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። አንድ መዝገብ ለራሽንም ለአሰሳም መዋል የሚችል ከሆነ፣ መዝገቡን ከመሥራት እኩል ማን እንደሚያየው መወሰን የመንግሥት ሥራ መሆኑን በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው ከማንም በላይ ያውቃል።

መታወቂያው ራሱ ታጥፎ የሚያዝ ወረቀት ነበር። ጉርድ ፎቶ ይለጠፍበታል፤ ክቡ ማኅተም ግማሹ በፎቶው፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ይመታል፤ ስሙ በእጅ ይጻፋል። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ቆንጆ እጅ ካለው መታወቂያህ ያምራል፤ ከሌለው የአባትህ ስም ለዘለዓለም ያጠራጥራል። ሰፈር የለወጠ ሰው ከቀድሞው ቀበሌው መሸኛ ማምጣት ነበረበት። የመሸኛው ትክክለኛነት የሚታወቀው በማኅተሙ ነው፤ ማኅተሙን የሚያውቀው ደግሞ የለመደ ዓይን ነው። ሐሰተኛ መታወቂያ በቀላሉ ይሠራ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከተማ አስተዳደሩም በተለያዩ ዓመታት አዲስ መታወቂያ መስጠት እስከ ማቆም ደርሷል።

በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተማ ተዋቀረች፤ ቀበሌዎቹም ከጊዜ በኋላ ተጣጥፈው 99 ሆኑ። በኋላ ቀበሌ የሚለው ስም በይፋ ቀርቶ ወረዳ ተተካ፤ ቁጥሩም 116 ደረሰ። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ «ቀበሌ ልሂድ» ነው የሚለው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ምሥራቃዊ ወረዳዎች ተወስዶ 11ኛው ክፍለ ከተማ ለሚ ኩራ ተቋቋመ። በዚህ በምሥራቁ በኩል የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ከቤታቸው ሳይነቃነቁ አድራሻቸው ተለወጠ። ካርታ ላይ መሥመር ማስመር ቀላል ነው፤ ከመሥመሩ ጋር ግን ማኅደር መጓጓዝ አለበት፤ መዝገብ ቤት መከፈል አለበት። ማኅደሩ ከቦሌ ይሁን ከየካ፣ ከወረዳ ይሁን ከመሬት አስተዳደር የት እንደቀረ ለማወቅ ሲንከራተት የከረመ ባለጉዳይ በየሰፈሩ አለ።

ኮምፒውተር ወደ መንግሥት ቤት የገባው ከሌላ በር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ወረዳ ኔት የተባለውን መሥመር በሳተላይት መዘርጋት ጀመረ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎች ተገናኙ። ከጎኑ ስኩል ኔት ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪውን ከፕላዝማ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጠው እሱ ነው። ለዚያ ዘመን ድፍረት የተሞላበት ሥራ ነበር፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ያላሰቡትን ኢትዮጵያ ሞክራለች። ወረዳ ኔት ግን በአብዛኛው የተገናኙበት ባለሥልጣናት ናቸው። በቪዲዮ ስብሰባ ይደረግበታል፣ መመሪያ ይወርድበታል፣ ሪፖርት ይወጣበታል። በወረዳው ደጅ ወረፋ የያዘው ገበሬ የሳተላይቱ ዲሽ ጣሪያው ላይ ስለመኖሩ ካልሆነ በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

በዚያው ዘመን ቢፒአር የተባለው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ። ይህ ያለ ኮምፒውተር የተሠራ ሥራ ነው፤ ሰባት ፊርማ የሚጠይቀውን ጉዳይ በሁለት እንዲያልቅ ማድረግ፣ አምስት ክፍል የሚያዞረውን በአንድ ጠረጴዛ መጨረስ። በስብሰባ ብዛት ሠራተኛውን ያሰለቸ ቢሆንም ንግድ ፈቃድን የመሳሰሉ አገልግሎቶችን ከሳምንታት ወደ ሰዓታት ማውረዱን መካድ አይቻልም። እንደ እኔ ቢፒአር የሚገባውን ያህል ምስጋና አላገኘም። ፊርማ ሳይቀነስ የገባ ኮምፒውተር ያንኑ ሰባት ፊርማ በስክሪን ያስፈርማል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል?

በ2003 ዓ.ም. የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የአምስት ዓመት የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ስትራቴጂም ወጣ። ለዲጂታል የታቀዱት አገልግሎቶች 219 ነበሩ። ሚኒስቴሩ በ2011 ዓ.ም. ወደ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተለወጠ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ጸደቀ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። በመካከሉ ገቢዎች የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን በጣት አሻራ መስጠት ጀምሮ ነበር፤ ንግድ ሚኒስቴር የራሱን ሲስተም ሠራ፤ ኢሚግሬሽን የራሱን፤ ባንኮች የየራሳቸውን። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ያንኑ ሰው እንደ አዲስ መዘገበው፤ አሻራውን ወሰደ፣ ፎቶውን አነሣ፣ የቀበሌ መታወቂያውን ኮፒ ያዘ።

እዚህ ላይ ስሟን ሳያነሡ ማለፍ የማይቻል አገር አለች፤ ኢስቶኒያ። ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ነው፤ የአዲስ አበባ ሲሶ ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1991 ከሶቪየት ኅብረት ስትላቀቅ ገንዘብም ብዙ ሠራተኛም አልነበራትም። በ2000 ግብርን በኢንተርኔት ማሳወቅ አስጀመረች፤ በ2001 ኤክስ ሮድ የተባለውን የመረጃ መለዋወጫ መሥመር ዘረጋች፤ በ2002 ቺፕ ያለው መታወቂያ ማደል ጀመረች። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ካርዱ ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ሕጉ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ ሌላው መሥሪያ ቤት ለብቻው መዝገብ ከፍቶ እንደገና መሰብሰብ በሕግ ተከልክሏል። የሕዝብ መዝገቡ አድራሻህን ካወቀ ትምህርት ቤቱ ሊጠይቅህ አይገባም፤ በኤክስ ሮድ ጠይቆ ይወስዳል። ሲወስድ ደግሞ የገባበት ይመዘገባል፤ ባለ መረጃው ማን መቼ እንዳየው ገብቶ ማንበብ ይችላል። ያለ ጉዳዩ የሰው መዝገብ የከፈተ ፖሊስም ሐኪምም ይጠየቃል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች 750 ሺህ ገደማ የሚሆኑት የኢስቶኒያ መታወቂያዎች ቺፕ ላይ ጉድለት አገኙ። መንግሥቱ ነገሩን ለሕዝቡ በግልጽ ተናገረ፤ የተጎዱት ካርዶች የዲጂታል ማረጋገጫ እስኪታደስ ድረስ ታገደ። ሰዉ ካርዱን ጥሎ ወደ ወረቀት አልተመለሰም። እምነቱ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የተገነባ ስለሆነ አንድ ጉድለት አልናደውም።

እኛም የራሳችን ፈተና ደርሶብናል፤ የደረሰውም ለዚህ ለከተማው ምሥራቅ ቅርብ በሆነ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶችን ዕጣ በኮምፒውተር አወጣች። ለዓመታት ከደመወዛቸው ቀንሰው የቆጠቡ ሰዎች ስማቸውን በስክሪን ሲጠባበቁ ዋሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሲስተሙ ውስጥ የገባው የስም ዝርዝር ብቁ ተብሎ ከተላከው ጋር እንደማይገናኝ ተደረሰበት፤ ከተማው ዕጣውን ሰረዘ፣ የሚመለከታቸው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ተያዙ። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ቢዘገይም የተሰረዘው በይፋ ነው፤ ምክንያቱም ለሕዝብ ተነግሯል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ጉዳቱ ከቤቱ ያለፈ ነው። «ኮምፒውተር ያወጣው ነው» የሚለው ቃል ከዚያ በፊት ክርክር ይዘጋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ክርክር ይከፍታል።

ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ሞሲፕ በተባለው በህንድ በተጠነሰሰና ለማንም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ ተሠርቶ፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ሥር ተደራጅቶ፣ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ሲወጣ ሕጋዊ መሠረት አገኘ። ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመዘገብ ያደርጋል። የሚሰበስበው ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻና አሻራን የመሳሰሉ መለያዎች ናቸው። ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚለው መሥመር በዚህ አገር ስንት ሰው እንዳስጨነቀ ለሚያስታውስ፣ ይህ ብቻውን ታሪክ ነው።

ምዝገባውን ቆሞ ያየ ሰው የመዝገብ ሥራ ምን ያህል የእጅ ሥራ እንደሆነ ይረዳል። አራት ጣት በመስተዋቱ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሌላው እጅ፣ ከዚያ ሁለቱ አውራ ጣቶች። ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ፈልጠው፣ ልብስ አጥበው የኖሩ እናት ጣታቸው አልቋልና ማሽኑ አይቀበልም። «እማማ፣ ትንሽ ጫን ያድርጉት» ትላለች መዝጋቢዋ፤ በሶፍት ትጠርግላቸዋለች፤ ደግማ ትሞክራለች። ቀጥላ የዓይን ማንሻውን ታቀርብላቸዋለች፤ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ዓይናቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ከዚያ የትውልድ ዘመን ይጠየቃል። «በጣልያን ጊዜ ሕፃን ነበርኩ» ከሚል መልስ ቀን፣ ወርና ዓመት ማውጣት አለባት። ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጅ ሲቀይሩ ሰባት ወይስ ስምንት ይደመራል የሚለውን ወሩ ይወስነዋል፤ የተወለዱት ጳጉሜን ከሆነ ደግሞ በሌላው አቆጣጠር ያ ወር የለም።

ስሙስ? ኃይሌን ሀይሌ፣ ሃይሌ፣ ኀይሌ ብሎ የጻፈ ሁሉ ለሚያነበው ሰው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት ሰው ነው። ፀሐይና ጸሃይም እንዲሁ። የሳሊተ ምሕረት ስም ራሱ በሰሌዳው፣ በታክሲው ታፔላና በደብዳቤው ራስጌ በልዩ ልዩ ሆሄ ይጻፋል። በፓስፖርቱ፣ በባንክ ደብተሩና በካርታው ላይ የአያቱ ስም በሦስት ዓይነት የተጻፈበት ሰው «የአንድ ሰው ስም መሆኑን» ለማስመስከር ፍርድ ቤት ይሄዳል። የፊደላችንን ድምፀ ሞክሼዎች ለይቶ የሚያመሳክር ፍለጋ በየመንግሥት ሲስተሙ ማስገባት የቋንቋ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ለብዙ ሺህ ባለጉዳይ ግን የፍርድ ቤት ወረፋ የሚያስቀር ሥራ ነው። የእኛ መሐንዲሶች ከማንም ሳይጠብቁ ሊሠሩት የሚገባቸው ይህን ነው።

ክፍያ ከሁሉ ቀድሞ ተለወጠ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በጥቂት ዓመታት ነዳጅን፣ የትራፊክ ቅጣትን፣ የትምህርት ቤት ክፍያን ይዞ መንግሥትንና ሰውን በስልክ አገናኘ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ከ10 በላይ የፌዴራል ተቋማት በአንድ ጣሪያ ሥር ከ40 በላይ አገልግሎት ይዘው ገቡ። ወንበሩ፣ ብርሃኑ፣ የወረፋ ቁጥሩ ለባለጉዳይ የተሰጠ ክብር ነው፤ ደጅ መጥናት ለለመደ ሕዝብ ይህ ቀላል አይደለም። ከመሶቡ ጀርባ ያሉት መዝገቦች እርስ በርሳቸው መነጋገራቸው ግን ከጣሪያው የሚበልጥ ጉዳይ ነው። ከዚያ ሌላ መብራትና ኔትወርክ አለ። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ተክቶ በየመስኮቱ ይሰማል። ኢንተርኔት በትእዛዝ ሲቋረጥ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ለሳምንታት እንደሆነው፣ አገልግሎቱም አብሮ ይቋረጣል፤ በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ከዚያ በጣም ለረዘመ ጊዜ ተቋርጣ ቆይታለች። መንግሥት አገልግሎቱን በኔትወርክ ላይ ካደረገ ኔትወርክ መዝጋት የራሱን መስኮት መዝጋት ነው።

የሕግ መሠረቱ አሁን ተጥሏል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚህ ባለሥልጣን የምፈልገው አንድ ነገር አለኝ፤ የፋይዳ ቁጥሬን ተጠቅሞ መዝገቤን ያየ መሥሪያ ቤት ሁሉ ስሙና ቀኑ በስልኬ እንዲደርሰኝ። የባንክ ሒሳብ ሲንቀሳቀስ መልእክት የሚልክ አገር ይህን ማድረግ አያቅተውም።

ከወረዳው የምጠብቀው ደግሞ ያላገባ ማስረጃን ነው። ቤት ወይም መኪና የሚሸጥ ሰው ባለትዳር አለመሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ከወረዳ አውጥቶ ወደ ውልና ማስረጃ ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም የመንግሥት ቤቶች ናቸው፤ በቀጥታ ቢጠያየቁ ሰውየው መሄድ ባላስፈለገው። የማይጠያየቁት ግን መሥመር ስለጠፋ ብቻ አይደለም። የጋብቻ መዝገቡ ራሱ ሙሉ አይደለም። ከ2008 ዓ.ም. በፊት በሽማግሌ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በኒካ የተጋቡ ሚሊዮኖች በየትኛውም የክብር መዝገብ የሉም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ላለ መዝገብ «ይህ ሰው አግብቷል?» ብሎ ኮምፒውተር ቢጠይቀው የሚሰጠው መልስ ባልን ወይም ሚስትን ከቤት ያስወጣል። ስለዚህ ከሲስተሙ በፊት መዝጋቢዋ አለች፤ ልደትን በ90 ቀን፣ ሞትንና ጋብቻን በ30 ቀን ውስጥ እንድትጽፍ ሕጉ ያስቀመጣት የወረዳ ሠራተኛ። በአዲሶቹ የምሥራቅ ሰፈሮች ሕዝቡ በየዓመቱ ይጨምራል። ለወረዳዎቹ ከአዲስ ኮምፒውተር ይልቅ ቶሎ የሚያስፈልጋቸው የቆዩትን ጋብቻዎች ከየአጥቢያው፣ ከየመስጊዱና ከየቤቱ እየሰበሰቡ የሚጽፉ፣ ደመወዛቸው የሚያኖር፣ በየስድስት ወሩ የማይቀያየሩ መዝጋቢዎች ናቸው።